ፀረ ተባይ መድኃኒት ስንረጭ ራሳችንን እንጠብቅ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢዎች እንዲሆን በጽሑፍ የቀረበ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ርጭት ነው። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ። በመጨረሻው ላይ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች አሉ።

እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ጀምሮ ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። የማስተምረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይ ባለው አገር ነው። ዝዋይ ዛሬ ባቱ ትባላለች። በዚህ አገር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል። ጽጌረዳ አበባም በላስቲክ ቤት ውስጥ ይለማል። ሠራተኞቹ ይህን ቤት ግሪን ሃውስ ይሉታል። ስለዚህ ከማታ ተማሪዎቼ መካከል ብዙዎቹ ቀን ቀን ፓምፕ በጀርባቸው ተሸክመው ሲረጩ የሚውሉ ናቸው። ለእነርሱ የምነግራቸውን ነው ዛሬ ለእናንተም የምነግራችሁ።

መድኃኒት ወይስ መርዝ?

በመጀመሪያ አንድ ቃል እንመርምር። ቃሉ «መድኃኒት» የሚለው ነው።

መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው። ሲያመን ጤና ጣቢያ ሄደን የምንወስደው እንክብል መድኃኒት ነው። ታዲያ በሽንኩርት ላይ የምንረጨውንም መድኃኒት እንለዋለን። «መድኃኒቱን ረጨሁት»፣ «መድኃኒት ገዛሁ» እንላለን። ስሙ መልካም ስለሆነ ልባችን አይፈራውም። በእጃችን እናማስለዋለን። ከእህል ጋር እናስቀምጠዋለን።

ነገር ግን ይህ ነገር ለሽንኩርቱ ነው መድኃኒት የሆነው። ለትሉ መርዝ ነው። ትሉን የሚገድለው ነገር ደግሞ ትሉን ብቻ ለይቶ አያውቅም። ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች የትሉን ነርቭ ያውካሉ። ሰውም ነርቭ አለው። ልዩነቱ የመጠን ነው። ትልን ለመግደል ጥቂት ይበቃል። ሰውን ለመጉዳት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ያንን «ትንሽ ከፍ ያለ» መጠን ግን የሚረጨው ሰው ሳያውቀው ሊያገኘው ይችላል። በአንድ ቀን ሊያገኘው ይችላል። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱም ሊያገኘው ይችላል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ሰብሉን አድናለሁ ብሎ ጤናውን የሚጥል ሰው እንዲሁ ነው።

የማይታየው ጉም

አሁን ስለ ርጭቱ ራሱ እንነጋገር። ፓምፑ ምን ይሠራል? ፈሳሹን ይሰባብራል። በአፍንጫው በኩል ገፍቶ ያወጣውና ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለውጠዋል። ጠብታዎቹ ተሰብስበው ጉም ይመስላሉ።

ደብተራችሁን አውጡ። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

አንዲት ጠብታ አስቡ። የጤፍ ፍሬ ታህላለች። ከዳር እስከ ዳር 1 ሚሊሜትር ያህል ናት እንበል። ይህችን ጠብታ ከዳር እስከ ዳር 10 ጊዜ ወደሚያንሱ ጠብታዎች ብንሰብራት ስንት ይወጣታል? 10 የሚል መልስ ሊመጣላችሁ ይችላል። መልሱ ግን 1,000 ነው። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም ስለሚያንስ 10 በ10 በ10 እናባዛለን። 100 ጊዜ ወደሚያንሱ ጠብታዎች ብንሰብራትስ? 1,000,000 ጠብታ ይወጣታል። አንድ ሚሊዮን! ከአንዲት ጤፍ ከምታህል ጠብታ!

ከፓምፑ አፍንጫ የሚወጣው ርጭት የእነዚህ ሁሉ ድብልቅ ነው። ትልልቆቹ ይታያሉ። ቶሎ ወደ ቅጠሉ ይወርዳሉ። ከትከሻችን ከፍታ፣ ማለት ከ1 ሜትር ተኩል ላይ፣ ከጤፏ 10 ጊዜ የምታንሰው ጠብታ በ6 ሰከንድ ያህል መሬት ትደርሳለች። ከጤፏ 100 ጊዜ የምታንሰው ጠብታ ግን ነፋስ በሌለበት እንኳ መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። በዓይን አትታይም። ትንሳፈፋለች። ውሃው በአየር ላይ ሲተን ደግሞ ይበልጥ ታንሳለች። መርዙ ግን አይቀንስም፤ በእርስዋ ላይ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ቀላል ነፋስ አለ እንበል። ነፋሱ በየሰከንዱ 1 ሜትር ይሄዳል። ይህ ሰው በዝግታ ሲራመድ እንደሚሄደው ነው። 8 ደቂቃ ስንት ሰከንድ ነው? 8 ሲባዛ በ60፣ 480 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ያች ጠብታ መሬት ሳትነካ 480 ሜትር ልትሄድ ትችላለች። ጎረቤት ማሳ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ ላይ ልትደርስ ትችላለች።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይኸውላችሁ፦ የሚታየው ጉም ከዓይናችን ሲጠፋ አደጋው አልጠፋም። «ጉሙ በረደ፤ እንግዲህ ማስኬን ላውልቅ» የሚል ሠራተኛ ተታሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

መርዙ የሚገባባቸው በሮች

መርዝ ወደ ሰው አካል የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው በር ቆዳ ነው። ብዙ ሰው «ካልጠጣሁት ምን ያደርገኛል?» ይላል። በእርሻ ርጭት ላይ ግን ወደ ሠራተኛው አካል የሚገባው መርዝ አብዛኛው በቆዳ በኩል ነው። እጅ ከሁሉ ይበልጥ ይነካዋል። ቆዳም ሁሉ እኩል አይደለም። የግንባርና የራስ ቆዳ ከክንድ ቆዳ ይልቅ ፈጥኖ ያስገባል። በብልት አካባቢ ያለው ቆዳ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ላብና ቁስል በሩን ይበልጥ ይከፍቱታል። ፓምፑ አንጠባጥቦ ጀርባንና ሱሪን ሲያረጥብ «ውሃ ነው፤ ይደርቃል» ማለት አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ልብሱ ሲደርቅ መርዙ በልብሱና በቆዳው ላይ ይቀራል። ዓይንም እንደ ቆዳ ነው፤ እንዲያውም ከቆዳ ይበልጥ ስስ ነው።

ሁለተኛው በር አፍንጫ ነው። ትልልቆቹ ጠብታዎች አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ። የማይታዩት ጥቃቅኖቹ ግን እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይወርዳሉ። ከዚያ ወደ ደም ይገባሉ።

ሦስተኛው በር አፍ ነው። እጁን ሳይታጠብ ቆሎ የሚቆረጥም፣ ጫት የሚቅም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው መርዙን በራሱ እጅ ይጎርሳል። የተዘጋውን የፓምፕ አፍንጫ በአፉ እፍ የሚል ሰውም እንዲሁ ነው። ይህን ሲያደርጉ አላያችሁም? እኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው መከላከያ ማንበብ ነው

መከላከያ ሲባል ሁላችንም ጓንትና ማስክ ትዝ ይለናል። ትክክል ነው። ግን ከጓንቱ በፊት የሚመጣ መከላከያ አለ። እርሱም ማንበብ ነው።

በማታው ክፍላችን አንድ ቀን «ከቤታችሁ ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዛችሁ ኑ» ብዬ ነበር። አንዱ የሳሙና ወረቀት አመጣ። ሌላዋ የልጇን የክትባት ካርድ አመጣች። አንድ ሃምሳ ዓመት የሆናቸው አባት ደግሞ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ። ተነሥተው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ «ከ... ምግብ... አርቀው... ያስቀምጡ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፤ «ባዶ... ዕቃውን... ለሌላ... አገልግሎት... አያውሉ»።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ብድግ አሉ። «እንዴ መምህር! ይህን ጀሪካን እኮ ለቅዳሜ ገበያ ዘይት ልገዛበት አጥቤ ያስቀመጥሁት ነው!» አሉ።

ያ ጀሪካን ዘይት ሳይገባበት ቀረ። በዚያች ሌሊት ያንን ቤት ያዳነው አንዲት መስመር ጽሑፍ ነው። ፊደል የቆጠሩ ሰው ስላነበቡት ነው።

ውድ አድማጮች፣ በጣሳው ወይም በጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እነዚህን 6 ነገሮች ፈልጉ፦

1. ስሙ ምንድን ነው?
2. ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው ተባይ ነው?
3. ምን ያህሉ በምን ያህል ውሃ ይበጠበጣል?
4. ከተረጨ በኋላ ሰው ስንት ሰዓት ሳይገባ መቆየት አለበት?
5. ከተረጨ በኋላ ሰብሉ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት አለበት?
6. ሰው ቢመረዝ ምን ይደረግ ይላል?

«ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ሳትገዙ በፊት የግብርና ባለሙያውን ወይም ሻጩን አስነብቡ። የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ በአማርኛ ጻፉ። ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ሥዕሉንም ታነባላችሁ። የራስ ቅልና የተጣመሩ አጥንቶች ካያችሁ ገዳይ መርዝ ነው። በብዙ ዕቃዎች ግርጌ ደግሞ የቀለም መስመር አለ። ቀይ ከሁሉ የከፋ ነው። ቀጥሎ ቢጫ ነው። ከዚያ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ ከሌሎቹ ይሻላል ማለት ነው እንጂ አይጎዳም ማለት አይደለም።

ጽሑፍ የሌለው መድኃኒት አትግዙ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጠውን በፍጹም አትግዙ። ምን እንደሆነ አታውቁም። መጠኑን አታውቁም። ልጅም ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል።

ደግሞ «አባቴ የሚጠቀምበት ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ዲዲቲን ሁላችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም የጸደቀው የዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከልክሏል። የተፈቀደው እንደ ወባ ያለ በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኤንዶሰልፋን የተባለው በዚሁ ስምምነት ከሚወገዱት ተራ ገብቷል። ዕውቀት ሲጨምር ሕጉም ይለወጣል። ስለዚህ ጠይቁ።

ከመርጨታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ፓምፑን በንጹሕ ውሃ ሞክሩት። ያንጠባጥባል? ማሰሪያው ደኅና ነው? ክዳኑ ይገጥማል? የሚያንጠባጥብ ፓምፕ በጀርባ አይታዘልም።

ሁለተኛ፣ መጠኑን አስሉ። ለምሳሌ ወረቀቱ «ለ1 ሄክታር 2 ሊትር» ቢል፣ የእናንተ ማሳ ደግሞ ሩብ ሄክታር ቢሆን፣ የሚያስፈልጋችሁ ግማሽ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር 500 ሚሊ ሊትር ነው። ማሳው በ5 ፓምፕ የሚረጭ ከሆነ 500 ለ5 ሲካፈል 100 ነው። በየፓምፑ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። «ይበርታ» ብሎ እጥፍ መጨመር ተባዩን እጥፍ አይገድለውም። የሚጎዳው የሚረጨውን ነው፤ የሚባክነውም ገንዘብ ነው። መለኪያው ለዚሁ ብቻ ይሁን። የቤት ሲኒ ወይም ኩባያ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ልብሳችሁን ልበሱ። መበጥበጥ ከመርጨት ይልቅ አደገኛ ነው። ገና ውሃ ያልገባበት ብርቱ መርዝ የምትነኩት ያኔ ነውና። ስለዚህ ጓንቱና መነጽሩ ሲበጠበጥም ይደረግ። በእጅ አታማስሉ፤ በእንጨት አማስሉ።

ልብሱ ምን ምን ነው? እጅጌው ረዥም የሆነ ቱታ። የላስቲክ ቦቲ። የሱሪው እግር ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ፍሳሹ ወደ እግር ይወርዳል። የላስቲክ ጓንት። የዓይን መነጽር። ባርኔጣ። ደግሞም ማጣሪያ ያለው ማስክ።

ስለ ማስኩ ላስረዳ። ነጠላ ወይም ፎጣ አፍ ላይ መጠምጠም የማይታየውን ጉም አያቆመውም። ጨርቁ ሲረጥብማ መርዙን አፍና አፍንጫ ላይ ለጥፎ ይይዘዋል። በሐኪም ቤት የሚደረገው ስስ ማስክም ለዚህ አልተሠራም። ለርጭት የሚሆነው ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ በጎንና በጎኑ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። ማጣሪያው ዕድሜ አለው። የመድኃኒቱ ሽታ ማስኩን አልፎ ከገባ ማጣሪያው ይለወጥ። ሽታ ስለሌለ ብቻ ግን አትመኑ፤ የማይሸት መርዝም አለ። ስለዚህ ማጣሪያውን በጊዜው ለውጡ።

በምትረጩበት ጊዜ

ማለዳ ጥሩ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ፀሐዩ አይበረታም። ሙቀት ሲበረታ ሰው ማስኩን ያወልቃል። ላቡም ቆዳውን ይከፍታል።

ነፋሱን እዩ። ቅጠሉን ብቻ የሚያወዛውዝ ነፋስ ይሻላል። አቧራ ሲያነሣ ሥራ አቁሙ። ጉሙ ከእናንተ እንዲርቅ ሆናችሁ ቁሙ፤ ነፋስ ወደ ፊታችሁ እየነፈሰ ወደ ፊት አትርጩ። በረጫችሁት እርጥብ ሰብል ውስጥ አትመላለሱ። ያልተረጨው በፊታችሁ፣ የተረጨው በስተኋላችሁ ይሁን ማለት ትክክል የሚሆነው ነፋሱ ጉሙን ከእናንተ ሲያርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ መስመር በጨረሳችሁ ቁጥር ነፋሱን እንደገና እዩ።

አፍንጫው ቢዘጋ በውሃ እጠቡት። ወይም በቀጭን የሣር አገዳ ጎርጉሩት። በአፍ እፍ አትበሉ። በሽቦም አትጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ይሰፋል።

ልጆች አጠገብ አይሁኑ። ልጅ ውሃ እያመላለሰ ፓምፕ እንዲሞላ አታድርጉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከርጭት ይራቁ።

ከረጫችሁ በኋላ

ጓንቱን ሳታወልቁ በፊት እጠቡት። ከዚያ አውልቁ። ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሌላ ልብስ ልበሱ። የተረጨበት ልብስ ለብቻው በተለየ ገበታ ይታጠብ። ከሕፃን ልብስ ጋር አይቀላቀል። የሚያጥበውም ሰው ጓንት ያድርግ። ፓምፕ ያልነካች ሚስት ልብስ በማጠብ ብቻ መርዝ ሊነካት ይችላልና።

ፓምፑን በመስኖ ቦይ ወይም በሐይቅ ዳር አትጠቡ። ያንን ውሃ ከብቱ ይጠጣዋል። ሰውም ይጠጣዋል። ዓሣውም ይሞታል።

ባዶውን ዕቃ ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ነቅንቃችሁ 3 ጊዜ አለቅልቁት። ይህን የምታደርጉት እየበጠበጣችሁ ሳለ ነው። ያለቀለቃችሁበትን ውሃ ወደ ፓምፑ ገልብጡት፤ ማሳው ላይ ይረጫል። ከዚያ ዕቃውን ብሱት። ቢበሳ ማንም ዘይት አይገዛበትም፤ ጠላም አይቀዳበትም። ሦስቴ ታጥቦም ቢሆን ለምግብና ለውሃ አይሆንም።

የቀረውን መድኃኒት በቁልፍ ቆልፉበት። አልጋ ሥር፣ ጎተራ ውስጥ፣ እህል አጠገብ አታስቀምጡ።

በግሪን ሃውስ ውስጥ

ሜዳ ላይ ነፋስ አለ። ግሪን ሃውስ ውስጥ ግን ጣራውና ግድግዳው ላስቲክ ነው። ነፋሱ ጥቂት ነው። ሙቀቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ያ የማይታየው ጉም መሄጃ አጥቶ እዚያው ይንሳፈፋል።

እዚህ ላይ አደጋው የሚረጨው ሰው ብቻ አይደለም። ረጪው ማስክ አለው እንበል። ከእርሱ ቀጥለው አበባ ለመቁረጥ የሚገቡት ግን ብዙ ጊዜ ማስክ የላቸውም። ከእነርሱም ብዙዎቹ እህቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ «ከዚህ ሰዓት በፊት አይገባም» ካለ አይገባም። በሩ ላይ «ተረጭቷል፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ይሰቀል። የተረጨበት ሰዓትና የሚገባበት ሰዓት በቁጥር ይጻፍበት። እናንተ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት። መስኮቱ ተከፍቶ አየሩ ከተለወጠ በኋላ ይገባል።

አንዳንድ ካቦ ደግሞ «ግቡ፤ ሰዓት አለፈ፤ አበባው ይጠብቀናል» ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ምን ይባላል? በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ ማስታወቂያው ከ10 ሰዓት በፊት አትግቡ ይላል፤ እስከዚያ ሌላ ሥራ ይስጡን» ይባላል። ብቻችሁን አትናገሩ፤ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ተናገሩ።

ይህ ልመና አይደለም። ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የመከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ ያዛል። አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር፣ ስለ ሥራው አደገኛነትም እንዲያስረዳ ያዛል። አደገኛ ሥራ ላይ ላሉትም በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በሚገባ እንዲጠቀምበት ያዛል። እንግዲህ ግዴታው የሁለቱም ነው። ጓንት የማይሰጥ አሠሪ ጥፋተኛ ነው። የተሰጠውን ጓንት በኪሱ ከትቶ የሚረጭ ሠራተኛም ልክ አይደለም።

ይህ ነገር ለእርሻ ብቻ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም የሚረጨው ወንድማችንም ያው ነው። በማጠንከሪያ የሚበጠበጠው ቀለም ሲረጭ የማይድን አስም ሊያመጣ ይችላል። በረኪናን በመርጫ የምትረጭ የጽዳት ሠራተኛም ያው ናት። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሥራው ቢለያይም ጉሙ ጉም ነው።

ሰው ቢመረዝ

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብዙ ላብ፣ ምራቅና እንባ መብዛት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የዓይን ብዥታ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ናቸው። በዚያው ሰዓት ሊጀምሩ ይችላሉ። ማታ ቤት ከተገባ በኋላም ሊጀምሩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአገራችን ሰው ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን ሲያመውና ሲያልበው «ምች መታኝ» ይላል። ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ይተኛል። ወይም «ወባዬ ተነሣብኝ» ይላል። ሲረጭ የዋለ ሰው ግን እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ መርዙን ይጠርጥር። ጤና ጣቢያም ሲደርስ የመጀመሪያው ቃሉ «ርጭት ላይ ነበርሁ» የሚል ይሁን። ይህን ካልተናገረ ሐኪሙ በምን ያውቃል?

የምትረዱትስ እንዴት ነው?

አንደኛ፣ ሰውየውን ከጉሙ አውጡት፤ ንጹሕ አየር ያግኝ። እናንተም ጓንት አድርጉ።

ሁለተኛ፣ የረጠበውን ልብስ አውልቁለት። ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ዓይኑ ከተነካ 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ አፍስሱበት።

ሦስተኛ፣ ቢውጠው እንኳ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡት።

አራተኛ፣ ወተት አታጠጡት። «ወተት መርዝ ያረክሳል» የሚባለው ልማድ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው። ብዙዎች ሊረጩ ሲሉ ወይም ረጭተው ሲመለሱ ወተት ይጠጣሉ። ወተት ግን በቆዳና በሳንባ የገባውን መርዝ አይደርስበትም። እንዲያውም አንዳንዱ መርዝ በቅባት ስለሚሟሟ ይበልጥ እንዲገባ ሊረዳው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወተት የጠጣ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ መቅረቱ ነው። ወተት ምግብ ነው። ማርከሻ አይደለም።

አምስተኛ፣ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጣሳውን ወይም ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ። እንደ ማላታይን ላሉት መርዞች አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ። እንደ ፓራኳት ላሉት ግን ማርከሻ የላቸውም። ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ከወረቀቱ ነው። ያች ወረቀት እዚያም ላይ ሕይወት ታድናለች።

ማጠቃለያ

ውድ አድማጮች፣ ንግግሬን ላጠቃልል። የምንረጨው ነገር ስሙ መድኃኒት ቢሆንም ሥራው መርዝ ነው። የሚጎዳን የምናየው ጉም ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የማናየው ነው። ዓይናችን የማያየውን ነገር የምናውቅበት መንገድ ደግሞ አንድ ነው፤ እርሱም የተጻፈውን ማንበብ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጣሳ ከመክፈታችሁ በፊት አንብቡ። ለማያነበው ጓደኛችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

በደኅና ሰንብቱ።

በቡድን የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ጉሙ ከዓይን ከጠፋ በኋላ አደጋው ለምን አይጠፋም?
2. መርዝ ወደ ሰው አካል የሚገባባቸው ሦስት በሮች የትኞቹ ናቸው?
3. ወረቀቱ «ለ1 ሄክታር 3 ሊትር» ቢል ለግማሽ ሄክታር ስንት ያስፈልጋል? ማሳው በ10 ፓምፕ የሚረጭ ከሆነ በየፓምፑ ስንት ሚሊ ሊትር ይገባል?
4. በቤታችሁ ባዶ የመድኃኒት ዕቃ አለ? አሁን ምን ተቀምጦበታል?
5. በሥራ ቦታችሁ ጓንትና ማስክ ይሰጣል? ካልተሰጠ ማንን፣ እንዴት ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ

ርጭት ። መርዝ ። ጠብታ ። ጓንት ። ማጣሪያ ። መጠን ። ክልክል ነው ። ከምግብ አርቀው ያስቀምጡ ።